የአንበሳው ዘውድና የኮከቡ ጨረር

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ካወረደ በኋላ በሰንደቅ ዓላማው መካከል የነበረውን አንበሳ ወዲያው አላስወገደውም። የተነሡት ሁለት ነገሮች ብቻ ነበሩ፤ ከራሱ ላይ ዘውዱ፣ በመዳፉ ከያዘው ዘንግ ጫፍ ላይ ደግሞ መስቀሉ። መስቀሉ የነበረበት ቦታ የጦር ጫፍ ገባበት። ጎፈሩ፣ አረማመዱ፣ የተነሣው እግሩ እንዳሉ ቀሩ። ይህን እንደ ጊዜያዊ መላ ብቻ ቆጥሮ ማለፍ ይቻላል፤ አዲስ ዓርማ እስኪሣል ድረስ አሮጌውን ማደስ ነው ይባላል። ለእኔ ግን ስለ አገር ዓርማ አሠራር ከዚህ የበለጠ የሚናገር ድርጊት በታሪካችን ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ንጉሡን የጠሉ ሰዎች አንበሳውን ሊጥሉት አልደፈሩም፣ ወይም አልፈለጉም። ምክንያቱን የማገኘው በአሣሣሉ ውስጥ ነው። አንበሳው ከአፄ ቴዎድሮስ እስከ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈው ትርጉሙ ጠርቶ የተወሰነ ስለነበረ አይደለም፤ እንዲያውም ሥዕሉ ለቀቅ ያለ፣ ትርጉሙም ሰፊ ስለነበረ ነው። ማብራሪያቸው ከሥዕላቸው ጋር የተቆለፈ፣ አንዳንዴም ከሥዕላቸው ቀድሞ የተጻፈ ዓርማዎች ግን ዕጣቸው ከተርጓሚያቸው ዕጣ ጋር ተቆራኝቷል።

ነገሩን ለማየት በአውሮፓ የዓርማ ሙያ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። እዚያ ዓርማ የቤተሰብ ንብረት ነው፤ ይወረሳል፣ በጋብቻ ይቀላቀላል፣ በሹመት ይሰጣል። ይህን የሚቆጣጠሩ ሹማምንትም አሉ፤ የእንግሊዙ የዓርማ ሹሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1484 በንጉሥ ሪቻርድ 3ኛ ተቋቁሞ ዛሬም ይሠራል። በዚህ ሙያ ሕግ ሆኖ የሚያገለግለው በቃል የተጻፈው አጭር መግለጫ እንጂ ሥዕሉ አይደለም። መግለጫው «በወርቅ መደብ ላይ በኋላ እግሩ የቆመ ቀይ አንበሳ» ካለ አንዱ ሠዓሊ ቀጭን፣ ሌላው ወፍራም፣ አንዱ ጅራቱን ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ጎን ቢያደርገው ዓርማው ያው ነው። ቀለሙም ደንብ አለው። ቢጫና ነጭ እንደ ብረት ይቆጠራሉ፤ ብረት በብረት ላይ፣ ቀለምም በቀለም ላይ አይደረግም። የዚህ ደንብ መነሻ ከሩቅ መታየት ነው፤ ጋሻው ላይ ያለው ነገር በጦር ሜዳ ካልተለየ ከንቱ ነውና። ልብ ሊባል የሚገባው መግለጫው የሚናገረው ምን እንደሚሣል ብቻ መሆኑ ነው። ቀይ አንበሳው ጀግንነት ነው ወይስ ቁጣ፣ ስለዚያ አንዲት ቃል አይተነፍስም።

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ሹመት አልነበረም። የነበረው ማኅተም ነው። ማኅተም ደብዳቤው ከማን እንደመጣ ያረጋግጣል፤ የሚገኘውም በወረቀት ላይ እንጂ በጋሻ ላይ አይደለም፤ ሥራውም ከጌጥ ይልቅ ከፊርማ ጋር ይቀራረባል። ስለ ነገሥታቱ ዓርማ አስቀድመው ብዙ ያወሩት አውሮፓውያን ናቸው። የካርታ ሠሪዎቻቸውና የዓርማ መዝጋቢዎቻቸው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን «ቄሱ ዮሐንስ» እያሉ ለሚጠሩት፣ ላላዩት የኢትዮጵያ ንጉሥ ጋሻ ይሥሉለት ነበር፤ ለነሱ ንጉሥ ያለ ጋሻ ሊታሰብ አይችልምና። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ በ1681 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ መስቀል የያዘ አንበሳንና የይሁዳን ነገድ አንበሳ ድል አድራጊነት የሚያውጀውን ቃል አብሮ ጠቅሷል። የሉዶልፍ ዋና መምህር የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ስለነበሩ ወሬው ከባዶ የመጣ አይደለም። ይህን ቃል በጥንቃቄ የመረመረው ግን ስዊድናዊው የታሪክ ሊቅ ስቬን ሩቤንሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው በመጀመሪያ የንጉሡ ማዕረግ አልነበረም። በራእይ ዮሐንስ ምዕራፍ 5 የተነገረው የክርስቶስ ድል ነው፤ በደብዳቤው ራስጌ ላይ እንደ እምነት ቃል ይቀመጣል፣ የንጉሡ ስም ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሰዎች ቃሉን ከንጉሡ ስም ጋር አያይዘው ማንበብ የጀመሩት ቀስ በቀስ ነው።

ይህ ግኝት ለክርክሬ ዋና ምሰሶ ነው። አንበሳው ገና ከመነሻው ከአንድ በላይ ባለቤት ነበረው ማለት ነው። ለካህኑ ክርስቶስ ነው፣ ለወታደሩ ንጉሡ ነው፣ ለባላገሩ ደግሞ በዱር የሚያውቀው፣ ጎፈሩን ጀግና በራሱ ላይ የሚደፋው አውሬ ነው። ከሦስቱ ማንኛውም ስህተት አልነበረም፤ ማኅተሙን ያየ ሰው የትኛውን እንዲመርጥ አልተገደደም።

የዚህ ሰፊነት ጥቅም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግልጽ ታየ። የቋራው ካሣ በየካቲት 1847 ቴዎድሮስ ተብሎ ሲነግሥ በማኅተሙ ላይ አንበሳ አስቀረጸ፤ ዙሪያውንም በግዕዝ ፊደልና በዐረብኛ አስጻፈ። ዐረብኛው ከምጽዋ እስከ ግብጽና ኢየሩሳሌም ደብዳቤው ለሚደርስበት ሁሉ ነበር። ከእርሱ በኋላ ዮሐንስ 4ኛ በአክሱም በ1864፣ ምኒልክ ደግሞ በእንጦጦ በ1882 ሲነግሡ ሁለቱም ያንኑ አንበሳ ያዙ። እነዚህ ሦስቱ የአንድ ቤት ልጆች አልነበሩም። ቴዎድሮስ ምኒልክን በመቅደላ ለዓመታት አስሮታል። ዮሐንስ ገና ደጃዝማች ካሣ ሳለ ቴዎድሮስን ለመውጋት የመጣውን የእንግሊዝ ጦር በአገሩ አሳልፎታል። ምኒልክና ዮሐንስም እስከ መጨረሻው አልተማመኑም። እንዲህ ያሉ ባላንጣዎች የአንዱን ምልክት ሌላው ሲወርስ ብዙ ሳይለውጡት መሆኑ ያስደንቃል። የእንግሊዝ ሦስት አንበሶችም ከቤት ወደ ቤት ተላልፈዋል የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ግን በዚያ የመጣው ብዙውን ጊዜ የራሱን እየጨመረ ነው የሄደው። እ.ኤ.አ. በ1603 የስኮትላንድ አንበሳና የአየርላንድ በገና ገቡ፣ ዊሊያም 3ኛ የናሳውን አንበሳ መካከል ላይ አኖረ፣ ከ1714 በኋላ የሃኖቨር ነጭ ፈረስ ተጨመረ፣ በ1837 ደግሞ የሃኖቨር ነገር ሁሉ ተነሣ። ጋሻው የጋብቻና የውርስ መዝገብ ሆነ። በኢትዮጵያው አንበሳ ግን በይበልጥ የተለወጠው በዙሪያው ያለው ጽሑፍ ነው።

ሥዕሉ ምን ያህል ለቀቅ ያለ እንደነበር ደግሞ በምኒልክ ገንዘብና ቴምብር ይታያል። የ1887 ዓ.ም. ብር የተመታው በፓሪስ ሲሆን ቀራጩ የዚያው የገንዘብ ማተሚያ ዋና ባለሙያ ዣን ላግራንዥ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮችም በዚያው ከተማ ታተሙ፤ የቀረጻቸው ኤውዤን ሙሾን ነው፣ በኋላ በራሱ በፈረንሳይ ቴምብር ስሙ የተጠራ ባለሙያ። ሰባት ዋጋ ነበራቸው፤ በአራቱ አነስተኛ ዋጋዎች የንጉሡ ፊት፣ ከ4 እስከ 16 ግርሽ ባሉት በሦስቱ ከፍተኛ ዋጋዎች ደግሞ አንበሳው ነው። የምኒልክ አማካሪዎች አልፍሬድ ኢልግና ሌዎን ሸፍኔ ነገሩን በማስኬድ ረድተዋል። እንግዲህ አንበሳውን የቀረጹት የፓሪስ ሰዎች ናቸው። የሳንቲም ሰብሳቢዎች እንደሚያውቁት በአንዳንዱ ብር ላይ የተነሣው የአንበሳው ግራ እግር ነው፣ በሌላው ቀኙ። በአውሮፓ የዓርማ ሹሞች ዘንድ እንዲህ ያለ ልዩነት ደብዳቤ ያጻጽፋል። በአዲስ አበባ ግን ገበያው ያስጨነቀው የብሩ ንጥረ ነገር ነበር፤ ከለመደው የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ጋር እያስተያየ ያመነታ ነበርና። የእግሩን ነገር እንደ ችግር የቆጠረው ሰው አልነበረም ብዬ ብገምት ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም። ዘውድ የደፋ፣ የሚራመድ፣ ዘንግ የያዘ አንበሳ እስከሆነ ድረስ የምኒልክ ነው። ሳይጻፍ እንኳ የቃል መግለጫው በሕዝቡ አእምሮ ውስጥ ነበር።

ከዚህ ጋር ሊነጻጸር የሚችለው ምርጥ ማስረጃ ከሌላ አገር ሳይሆን ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የሚመጣ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ዘመን ሁለት ዓይነት ዓርማ ጎን ለጎን ኖሯል። አንዱ አሮጌው አንበሳ ነው። ሌላው በአውሮፓ ነገሥታት ወግ የተሠራው ታላቁ ዓርማ ነው፤ በመካከሉ ዙፋን፣ በግራና ቀኙ ሁለት መላእክት፣ አንዱ ሰይፍና ሚዛን ሌላው በትረ መንግሥት የያዙ፣ ከታች አንበሳ፣ ሁሉንም የሚጠቀልል ዘውድ የተደፋበት መጎናጸፊያ። የተሠራበት ምክንያት ይገባኛል። ንጉሡ የሌሎች ነገሥታት ጓድ ነበሩ፤ በ1947 ዓ.ም. የእንግሊዝን የጋርተር ኒሻን ሲቀበሉ እንኳ የዚያ ማኅበር ባላባቶች ዓርማቸው በዊንድዘር ቤተ ጸሎት የሚሰቀል ነበር። ግን ታላቁ ዓርማ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚናገረው፦ ይህ ዙፋን ከሰሎሞን ነው። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 2 የንጉሡን የዘር ሐረግ ከንግሥተ ሳባና ከሰሎሞን ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ሳይቋረጥ የወረደ ነው ብሎ ሲደነግግ ያንኑ ሥዕል በቃል መጻፉ ነበር። ሌላ ትርጉም የሚገባበት ቀዳዳ አልቀረም። በ1967 ዙፋኑ ሲወድቅ ታላቁ ዓርማም አብሮ ወደቀ፤ የአሮጌ ሰነድ ጌጥ ሆኖ ቀረ። ዘውዱን ነቅሎ ዙፋኑን ማስቀረት፣ መላእክቱን አንሥቶ ሚዛኑን መተው አይቻልም። ክፍሎቹ ከአንዱ ዓረፍተ ነገር ውጭ ሕይወት የላቸውም።

አሮጌው አንበሳ በዚያው ዘመን ከመንግሥት እጅ እየወጣ ነበር። በ1923ቱ ዘውድ ጭነት ዋዜማ በአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ፊት የቆመውን ባለ ወርቅ ቅብ ነሐስ አንበሳ የሠራው ፈረንሳዊው ዦርዥ ጋርዴ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ ሐውልቱን ወደ ሮም ወስደው ለዶጋሊ ሙታን በተሠራው መታሰቢያ ላይ አቆሙት፤ ዶጋሊ ራስ አሉላ የጣሊያንን ጦር የደመሰሰበት ቦታ መሆኑን የሚያውቅ የዚህን ምርጫ ክፋት ይረዳል። ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ በሮም በጣሊያኖች ላይ ሰይፍ የመዘዘበት ታሪክ ከዚህ አንበሳ ጋር ተያይዞ ሲተረክ ይኖራል። በዚህ መንገድ ሐውልቱ ከንጉሡ ክብር በላይ የአርበኝነት ቅርስ ሆነ። ከዘውድ ጭነቱ ሃያ አምስት ዓመት በኋላ ለብር ኢዮቤልዩ በብሔራዊ ቴአትር ፊት የቆመው የሞሪስ ካልካ አንበሳ ደግሞ ከጋርዴ ጋር ምንም አይገናኝም። ከድንጋይ የተጠረበ፣ ማዕዘን የበዛበት፣ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሥራ ነው። ያም ሆኖ አላፊ አግዳሚው አንበሳ መሆኑን ለመለየት አልተቸገረም። እንዲህ ያለ ምልክት ነው ሠዓሊ ሁሉ የሚመኘው፤ አሣሣሉን አዙረህ አዙረህ የማትገድለው።

አሁን ወደ ደርግ ልመለስ። ዘውድን መንቀል የኢትዮጵያ አብዮተኞች የፈጠሩት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1917ቱ የየካቲት አብዮት በኋላ የሩስያ ጊዜያዊ መንግሥት ባለ ሁለት ራሱን ንስር ዘውዶቹን አውልቆ ተጠቀመበት፤ የሣለው ኢቫን ቢሊቢን ነበር፣ ያው ንስር ከሶቪየት ኅብረት መፍረስ በኋላ በሩስያ ማዕከላዊ ባንክ ሳንቲሞች ላይ ተመልሶ ወጣ። የፖላንድ ነጭ ንስር በኮሚኒስቶቹ ዘመን ያለ ዘውድ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1990 መጀመሪያ በሕግ ዘውዱ ተመለሰለት። የፖላንድ ሰዎች ንስሩን የንጉሥ ብቻ አድርገው ስላላዩት ዘውዱ መነሣቱም መመለሱም የሚቻል ሆነ። ኢራን በተቃራኒው መንገድ ሄደች፤ አንበሳና ፀሐዩን እ.ኤ.አ. በ1980 ጨርሳ ሰረዘች፣ ዛሬ ግን ያ አንበሳ በውጭ ባሉ ተቃዋሚዎች እጅ ይውለበለባል። የእኛም አንበሳ ከሰንደቅ ዓላማው ከወረደ በኋላ በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሰልፎች ላይ፣ ከዚያም ርቆ ከ1923ቱ ዘውድ በኋላ በጃማይካ በተነሣው የራስ ተፈሪያን እምነት ውስጥ ኖረ። ከሁሉ የሚገርመው ግን በአገር ቤት የሆነው ነው። ደርግ በ1969 ዓ.ም. አዲስ ሳንቲሞችን ሲያወጣ በአንዱ ገጽ በበሬ የሚያርስ ገበሬ፣ ጠብመንጃ የያዘ ታጣቂ፣ የደጋ አጋዘን፣ እጃቸውን ያነሡ ወንድና ሴት፣ የተሰበሰበ ሕዝብ አስቀረጸ፤ በሌላው ገጽ ከ1 እስከ 50 ሳንቲም በሁሉም ላይ የአንበሳ ራስ አደረገ። አፉን የከፈተ፣ ጎፈሩ የተዘናፈለ፣ ዘውድ የሌለው። በዚያው በቀይ ሽብር ዘመን ማለት ነው። የንጉሡን ፊት ከገንዘብ ላይ ያጠፋው መንግሥት ከንጉሡ በፊትም የነበረውን አውሬ ለራሱ አስቀረ።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ መነሣትም አለበት። አንበሳው «ሰፊ» ነበር የምትለው ለማን ነው ይሉኛል። ያ ማኅተም የርስት ደብዳቤና የግብር ትእዛዝ የወጣበት ነው፤ በምኒልክ ጦር ለተገዛው የደቡብ ሰው የይሁዳ ነገድ ምኑ ነው? ለሙስሊሙስ መስቀል የያዘው መዳፍ? ይህን ማስተባበል አልችልም፣ አልፈልግምም። መስቀሉና ዘውዱ አንድን ሃይማኖትና አንድን የዘር ትረካ ከፍ አድርገው ሌላውን ዝቅ አድርገዋል። የእኔ ክርክር ስለ ፍትሕ ሳይሆን ስለ አሠራር ነው፤ ሁለቱ ባይለያዩም አንድ አይደሉም። ልብ በሉ፣ የተቃውሞው ክብደት ያረፈው በትክክል በተነሡት ሁለት ነገሮች ላይ ነው። ዘውዱና መስቀሉ ሲወጡ የቀረው አውሬ ብዙም ተከሳሽ አልሆነም። አንበሳ ከጀግንነት ጋር የተያያዘው በአንድ ሕዝብ ዘንድ ብቻ አይደለም። ሥዕሉ ላልቶ ስለነበረ የሚያስቀይመውን ክፍል ነቅሎ የቀረውን ማቆየት ተቻለ። ከታላቁ ዓርማ ጋር ይህን ማድረግ እንደማይቻል ከላይ አይተናል።

በ1980 የታወጀው የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ዓርማ ለአራት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ከሥርዓቱ ጋር ስለሄደ ብዙ አያቆየንም። ክርክሬን በእውነት የሚፈትነው ከዚያ በኋላ የመጣው ኮከብ ነው። በጥር 1988 በአዋጅ ቁጥር 16 የወጣው በሰማያዊ ክብ ውስጥ ያለው ቢጫ ኮከብ እንደ ሥዕል ጥሩ ነው፤ ይህን ለመናገር የፖለቲካ ወገን መሆን አያስፈልግም። መስመሩ ጥቂት ነው፣ ልጅ በእርሳስ ሊሥለው ይችላል፣ ቢጫውም በሰማያዊ ላይ መሆኑ የድሮውን የዓርማ ሹሞች ደንብ ያለ ስህተት ይጠብቃል። ዕድሜውም ከደርግ ዓርማ እጅግ በልጧል። ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ ያከራክራል? መልሱ በቅርጹ ውስጥ አይገኝም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 3 ሰንደቅ ዓላማው ዓርማ እንደሚኖረው ሲደነግግ ስለ ቅርጹ ምንም አላለም፤ ብሔሮችና ሃይማኖቶች በእኩልነትና በአንድነት ለመኖር ያላቸውን ተስፋ ማንጸባረቅ አለበት ነው ያለው። ትርጉሙ ቀደመ፣ ሥዕሉ ተከተለ። ከዚያ እኩል መስመሮቹ እኩልነት፣ ሰማያዊው ሰላም፣ ጨረሩ ብሩህ ተስፋ ናቸው ተብሎ ተተረጎመ። የ2001ዱ አዋጅ ቁጥር 654 ደግሞ ሰንደቅ ዓላማውን ያለ ዓርማው መጠቀምን ከለከለ። እንግዲህ ኮከቡን ያየ ሰው የራሱን ትርጉም ሊሰጠው አልቻለም፤ የተሰጠውን ይቀበላል ወይም ይጥላል። ክርክሩም ስለ ኮከብ ሳይሆን ስለ አንቀጽ ሆነ። የሚያስቀው ይህን የመሰለ አምስት ጫፍ ያለው የተጠላለፈ ኮከብ በሞሮኮ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ከ1915 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መኖሩና እዚያ የሰሎሞን ማኅተም መባሉ ነው። ሰሎሞን ከዓርማው ከወጣ በኋላ የመጡት ሰዎች፣ ምናልባት ሳያስቡት፣ እንደገና የእርሱን ምልክት ሠሩ። ሥዕል ተርጓሚው ያላሰበውን ሁሉ ይዞ ይዞራል፤ በአዋጅ አይታሠርም።

እንዲህ ከሆነ ዓርማ ትርጉም አያስፈልገውም ልትል ነው ወይ የሚለኝ ካለ፣ አይደለም። ትርጉም ያስፈልገዋል፤ ግን የተጠቃሚውን እንጂ የአርቃቂውን ብቻ አይደለም። የኬንያ ዓርማ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በጋሻው መካከል የተቀመጠው መጥረቢያ የያዘ አውራ ዶሮ የገዢው ፓርቲ የካኑ ምልክት ነበር፤ ይህ በማንኛውም መመዘኛ የመንግሥትን ዓርማ ለፓርቲ ማስያዝ ነው። ካኑ በ2002 እ.ኤ.አ. ሥልጣን ሲለቅ ዶሮው ግን አልተባረረም፤ ዛሬ የንጋት ምልክት ተብሎ ይተረጎማል። አውራ ዶሮ ከፓርቲ በፊትም በየማለዳው ይጮህ ነበርና የአዲሱ ትርጉም ቦታ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። ማረሻና የማሽን ጥርስም ቢሆን በየሶሻሊስቱ መንግሥት ዓርማ የሞቱት ነገሩ ራሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ገበሬው ዛሬም ያርሳል። የተሣሉበት መንገድ «እኛ የሠራተኛው መንግሥት ነን» ከሚለው ዓረፍተ ነገር ሌላ ምንም እንዲሉ አይፈቅድላቸውም ነበር።

ኮከቡ በሰንደቅ ዓላማው መካከል በአዋጅ በጸናበት በዚያው መንግሥት፣ አዲሱ ባለ ሁለት ቀለም የ1 ብር ሳንቲም ሲወጣ በአንዱ ገጹ የፍትሕ ሚዛን ተቀረጸበት። በሌላው ገጽ ያለው በ1969 የተሣለው የአንበሳ ራስ ነው። ይህን የሚያዝ የሕገ መንግሥት አንቀጽ የለም፤ ምን ያንጸባርቅ ብሎ የደነገገለትም አልነበረም። አውቶቡስ ላይም፣ ባንክ ስም ላይም እንዲሁ ነው የገባው። የሳንቲሙን አንበሳ አውጡልን ብሎ ሰልፍ የወጣ ወገን አላውቅም።